የድሬሰር ንጉሤ ሞተር ለምን ጮኸች

እኔ በሙት መንፈስ የማምን ሰው አይደለሁም። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው፣ ቀጥሎ የምተርከውን ስታነቡ «ሽማግሌው ጃጅቷል» እንዳትሉኝ ብዬ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ የኖርኩት ከሽቦና ከባትሪ ጋር ነው። አንድ ነገር ከበራ ወይም ከጮኸ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ካልተገኘ ፈላጊው አልበረታም ማለት ነው። ይህን እየደጋገምኩ ደንበኞቼን ሳሰለች ኖሬያለሁ። አንኮበር ላይ የገጠመኝ ነገር ግን አፌን ትንሽ አስያዘኝ።

ዘመኑ ሃምሳዎቹ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ፣ ወደ ደሴ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር፣ አንዲት የቆርቆሮ ጋራዥ ነበረችኝ። ጋራዥ እላታለሁ እንጂ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ቢገባባት የአንዱ በር አይከፈትም። የኤሌክትሪክ ሥራ የተማርኩት ወታደር ቤት ሳለሁ ነው። ገና ትዳር አልያዝኩም፤ የከተማውን ብርድ የምገፋው በሥራና በወሬ ነበር። የጭነት መኪና ዲናሞ፣ የመሸታ ቤት ራዲዮ፣ ያመጡልኝን ሁሉ እፈታለሁ፤ አብዛኛውንም መልሼ እገጥማለሁ።

ድሬሰር ንጉሤ ከደንበኞቼ አንዱ ነበር። አንኮበር ተቀምጦ በየገጠሩ እየዞረ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ረጅምና ሳቂታ ሰው። የሚነዳት ሞተር ብስክሌት እንግሊዞች ትተዋት የሄዷት አሮጌ ናት። ሽቦዎቿ በጨርቅ የተጠቀለሉ ነበሩ፤ ጨርቁም ዘይትና ዝናብ ሲጠጣ ኖሮ ተበልቷል። ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን ለመላ አካላቷ አንድ ፊውዝ ብቻ ያላት መሆኑ ነው። ፊውዝ ለማታውቁ፣ በትንሽ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ የምትቀመጥ ቀጭን ክር ናት። ባዶ ሽቦ ከብረት ጋር ሲነካካ እሳት ከመነሣቱ በፊት እሷ ተቃጥላ መንገዱን ትቆርጣለች።

«ድሬሰር፣» አልኩት አንድ ቀን፣ «የዚህችን ሞተር ሽቦ በሙሉ ልቀይርልህ። የፊውዝ ሳጥንም ላስገባላት። ለመብራቱ የራሱ፣ ለክላክሱ የራሱ ይኑረው። አሁን ያቺ አንዷ ከተቃጠለች መብራትም ክላክስም የለህም።»

«ኢንጂኑስ?»

«ኢንጂኑ ከባትሪው አይበላም፤ እሱ ይሄዳል። ዕውርም ዲዳም ሆነህ ትነዳለህ ማለት ነው።»

ሳቀ። የሚስቀው በትከሻውም ጭምር ነበር። «ክረምቱ ይውጣና አመጣታለሁ፤ አሁን በሽተኛው በዝቷል» አለኝና ሄደ።

ክረምቱ ሳይወጣ፣ ነሐሴ ላይ፣ አመሻሹን ከደብረ ብርሃን ሲመለስ ጉም ውስጥ ገደል ገብቶ ሞተ። ወሬውን የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ ነው። አዘንኩ፤ ከዚያም እንደማንኛውም ሰው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ጥቁር የለበሰ፣ ጢሙን ያልተላጨ ጎልማሳ ጋራዤ በር ላይ ቆመ። የንጉሤ ታላቅ ወንድም ደምሴ ነው።

«የኤሌክትሪኩ ሰው አንተ ነህ?»

«ነኝ ጋሼ። ነፍስ ይማር፤ እግዜር ያጽናችሁ።»

«የወንድሜን ሞተር ታበጅልኛለህ። እሑድ አርባው ነው። ከመዘዞና ከእነዋሪ ቀብሩ ያመለጠው ዘመድ ይመጣል፤ ለቅሶው እንደ አዲስ ይቀመጣል። መብራቷ በርቶ እንድትዞር እፈልጋለሁ።»

እዚህ ላይ ስለ አገሩ ልማድ ላስታውሳችሁ። በእኛ በኩል ደህና ሰው ሲሞት በቅሎው ተሸልማ፣ ካባውና ጠመንጃው ተጭኖባት፣ በለቅሶው መካከል እየተመራች ትዞራለች። ባለቤት የሌላት በቅሎ ስትዞር ያየ ዘመድ ድንጋይ ልብ እንኳ ቢኖረው ያለቅሳል። ንጉሤ በቅሎ አልነበረውም። ስለዚህ ሞተሯን ከገደል በገመድ አውጥተው፣ ካባውንና የአባቱን ጠመንጃ ጭነውባት፣ ደምሴ መሪዋን ይዞ አዞራት።

«መሪውም አልተጣመመም፣ ጎማውም ይዞራል። ሽቦዋን እንዳለ ቀይርልኝ፣ መብራቷን አብራልኝ» አለኝና ጣቱን አነሣ። «ክላክሷን ግን እንዳትነካ።»

«ለምን ጋሼ?»

«ተናግራለች። ገና ሌላም ትናገራለች።»

የነገሩን ሙሉ ታሪክ የነገረኝ በእህል መኪና ላይ አብረን ወደ አንኮበር ስንወርድ ነው። እኔ አዲስ ሽቦ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ናስትሮና ከተሰበረ የጣልያን መኪና የፈታኋትን ባለ አራት ቦታ የፊውዝ ሳጥን በከረጢት ይዤአለሁ። እሱ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም።

ንጉሤ በሞተበት አመሻሽ፣ ገደል በገባበት ከአንኮበር በላይ ባለው መታጠፊያ ላይ የነበረው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ከአልዩ አምባ ቆላ በርበሬና ጥጥ ጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣው ነጋዴ ኡመር። ሰው ጠርቶ ሬሳውን ያስወጣውም እሱ ነው። ነገር ግን ባለፈው ዓመት የንጉሤ ሞተር የኡመርን በቅሎዎች አስደንግጣ አንዷ ከነጭነቷ ገደል ገብታ ነበር። ገበያ መሀል ተሰዳድበዋል። በኋላ ታርቀዋል፤ ስድቡን የሰማ ሞልቶ ሳለ እርቁን የሰማ ግን አልነበረም።

«ምን አለ መሰለህ ሲጠየቅ?» አለኝ ደምሴ። «‹ኢንጂን ሰማሁ እንጂ መብራት አላየሁም። ክላክስም አልነፋም። በአፉ ነው ዞር በሉ ብሎ የጮኸው› አለ። ወንድሜ ሳይነፋ የሚያልፈው መታጠፊያ የለም፤ አንኮበር ሙሉ ይመሰክራል። መብራት እያለው፣ ክላክስ እያለው፣ በአፉ ይጮሃል? ጅብ የሚያባርር አደረገው እኮ!»

«ከቀብሩ በኋላስ?» አልኩት።

«በቀብሩ ማግሥት ኡመር ለቅሶ መጣ። ድንኳኑ ምሰሶ ሥር ቆመ። እኔ ሞተሯን እየመራሁ ዞርኩ። በካህናቱ ፊት አለፍኩ፤ ዝም። በዘመዱ ፊት አለፍኩ፤ ዝም። ኡመር ፊት ስደርስ ማንም ሳይነካት ጮኸች። ጣቴ ክላክሷን አልነካም። ብቻዋን ጮኸች።»

«ከዚያስ?»

«ሽማግሌዎች ያዙኝ። ‹እስከ አርባው ድረስ ታገሥ፤ ኡመርም ይምጣና እንደገና በፊቱ ትዙር› አሉኝ። ኡመርም እመጣለሁ ብሏል። እንደገና በፊቱ ከጮኸች ግን፣» አለና በቀስታ ቀጠለ፣ «የወንድሜ ደም በእኔ ላይ ነው።»

መኪናው መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ደምሴ ባርኔጣውን አወለቀ። ቁልቁል አየሁ። ጉሙ ከቆላው እየተግተለተለ ይወጣል፤ ከመንገዱ ጠርዝ በታች አንድ ክንድ እንኳ አይታይም። ያን ጊዜ ሆዴ ባባ፤ ለንጉሤም፣ ለማላውቀው ለኡመርም።

ሥራዬን የጀመርኩት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሞተሯ ከቤቱ ጎን ባለ ዳስ ውስጥ፣ ጥጃ ከሚያድርበት ቦታ አጠገብ ቆማለች። የፊት መብራቷ መስታወት ረግፏል፤ የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ ጎኑ ተጨራምቷል። የገረመኝ ባትሪዋ ገና አለመሞቱ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ቆሞ መሞት ነበረበት።

ሽቦዎቹን ለማየት መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ። ክላክሱ በጆሮዬ ሥር ጮኸ።

እውነቱን ልናገር፤ ካቻቢቴውን ጥዬ ወደ ኋላ ዘለልኩ። ድምፁ የሚያስፈራው በመጮኹ አልነበረም። የሰው ጣት ሲጫነው የሚወጣው ደንበኛ ድምፅ አልነበረም፤ የሚቆራረጥ፣ የታነቀ ነገር ነበር። ጥጃው ተደናብሮ ገመዱን ወጠረ። ከዚያም የቤቱ በር ተከፈተና አንዲት ሴት በሁለት እጇ የሞቀ ውሃ የያዘ ገበቴ ይዛ፣ ውሃው በቀሚሷ ላይ እየፈሰሰ፣ እየሮጠች መጣች። የንጉሤ ሚስት አስካለ ናት። ፊቷ በርቷል። እንዲያ የበራ ፊት ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ አላየሁም።

እኔን ስታይ ቆመች። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ሲጠፋ ማየት አልቻልኩምና አንገቴን ደፋሁ።

«እርስዎ ነዎት» አለች።

«ይቅርታ እመቤቴ። መሪውን ሳዞረው ነው።»

ገበቴውን መሬት አስቀመጠችና አጠገቡ ተቀመጠች። «ከመንገድ ሲመጣ እግሩ ይደነዝዛል» አለችኝ። «እላይ መታጠፊያው ላይ ሆኖ ሲነፋ ውሃውን ከእሳት አወርዳለሁ፤ እሱ ሲደርስ ውሃው ይደርሳል። አሁንም አንዳንድ ቀን ወደ ማታ ይነፋል። ሌላው ሰው አይወደውም። ይፈራሉ። እኔ ግን እሳቱ ላይ ውሃ ሳልጥድ የዋልኩበት ቀን የለም።»

ጥጃው ጀርባውን ለማከክ መሪውን ሲገፋው እንደሆነ ገባኝ። አልነገርኳትም።

«ሰው አላለቀሰችም ብሎ ያማኛል» አለች። «ለምንድን ነው የማለቅሰው? እየነፋ! ወንድሜ፣ እባክዎ ሌላውን ያብጁት። ድምፁን አይውሰዱብኝ።»

«እሺ» አልኩ፤ ስለምን እሺ እንዳልኩ ግን እኔም አላወቅሁም።

እሷ ስትገባ በእልህ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። መሪው ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን አንገት ፈታሁት። እዚያ ጋ ሽቦዎቹ ሁሉ ባንድ ላይ ታስረው ያልፋሉ፤ መሪው ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ሲዞር ከብረቱ ጋር ይፋተጋሉ። የመብራቱ ሽቦ ጨርቁ ተበልቶ መዳቡ ራቁቱን ወጥቷል፤ ጫፉ ጠቁሯል፣ ብረቱም ላይ የቃጠሎ ምልክት አለ። አጠገቡ ያለው የክላክሱ ሽቦ ደግሞ ጨርቁ በፍትጊያ የተበላ አልነበረም። በጎረቤቱ እሳት የተለበለበ ነው። ክላክሱ የሚጮኸው የእሱ ሽቦ ብረት በነካ ቁጥር ነው። ስለዚህ ክላክሱ ያለ ጣት መጮኽ የጀመረው የመብራቱ ሽቦ ከተቃጠለ ወዲህ ነው።

ደምሴን ጠራሁት።

«ጋሽ ደምሴ፣ ሞተሯን ከገደል ስታወጧት ክላክሷ ይሠራ ነበር?»

«አይሠራም ነበር። እኔ ነኝ የሠራሁት፤ ወጣት ሳለሁ የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። ፊውዟን ሳያት ተቃጥላ ብርጭቆዋ ጠቁሯል። ወርውሬ በቦታዋ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልዬ አስገባሁ። ለለቅሶው ድምፅ ይኑራት ብዬ ነው። ምነው?»

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ነገሩ ሁሉ በዓይኔ ፊት ሄደ። ንጉሤ መብራቱን አብርቶ ጉሙ ውስጥ ይወርዳል። መታጠፊያው ወደ ግራ ነው። መሪውን ሲያዞር ሽቦው ብረቱን ይነካል፤ አንዷ ፊውዝ ትቃጠላለች። መብራት ድርግም። ከፊቱ የበቅሎ ኮቴ ይሰማል። አውራ ጣቱ ክላክሱን ይጫናል፤ ዝም። ደግሞ ይጫናል፤ ዝም። ኢንጂኑ ግን ይሄዳል። ያኔ በአፉ ጮኸ።

ኡመር የተናገረው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ይህንኑ ነበር።

ለደምሴ አስረዳሁት። ሽቦውን አሳየሁት፣ የጠቆረውን ብረት በጣቱ አስነካሁት።

«ፊውዟ ሞተሯ ስትወድቅ ተቃጥላ ቢሆንስ?» አለ።

ጥያቄው ትክክል ነበር። «በዓይኔ አላየሁም፤ መማል አልችልም» አልኩት። «ግን ቃጠሎው ያለው መሪው ወደ ግራ ሲዞር ብቻ ሽቦው በሚነካበት ቦታ ነው። የኡመርም ቃል ከዚህ ጋር ይገጥማል።»

«እሺ፣ ሽቦ ነው እንበል። ታዲያ ያን ሁሉ ሰው አልፋ ኡመር ፊት ብቻ ለምን ጮኸች?»

«ኡመር የቆመው ምሰሶው ሥር ነዋ! እዚያ ጋ ነው መንገዱ ጠቦ ወደ ግራ የሚያስዞረው። ነገ እኔው በሕዝቡ ፊት ላሳይ። ወይም ዛሬውኑ ልቀይረውና ነገሩን ይተዉት።»

ክንዴን ያዘኝ። «ብትነካት አፏን ዘጋህባት እላለሁ። ነገ እንዳለች ትዞራለች።»

መብራቱን ሠራሁ፤ የክላክሱን ሽቦ እንዳለ ተውኩት። ሽቦውን ቆርጬ ልጥፋ ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን ከቆረጥኩት ኡመር ዕድሜውን በሙሉ አፏ የተዘጋባት ሞተር ጠላት ሆኖ ይቀራል፤ ዛሬ ባይሆን ነገ አንድ መንገድ ላይ ይጠብቁታል። ምክንያቱን በእርግጥ የሚያውቀው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። እውቀት እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ተሰበሰበ። ጉሙ ገና አልተነሣም፤ ሰው ከውስጡ ብቅ እያለ «ወይኔ ንጉሤ! ወይኔ መድኃኒቴ!» እያለ ይገባል። አልቃሿ ግጥሙን ታወርዳለች፣ ሴቶቹ ይቀበሏታል። አስካለ መካከላቸው ቆማለች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው።

ኡመር መጣ። አጭር፣ ሽበታም፣ ትከሻው ላይ ጋቢ የጣለ ሰው ነው። ብቻውን ነበር። ማንም ቦታ ሳያሳየው ሄዶ ያው ምሰሶ ሥር ቆመ። ሌላ ቦታ ቢቆም ሸሸ ይሉታል።

የደብሩን ካህን መምሬ ወልዴን ቀደም ብዬ ለምኛቸው ነበር፤ መጀመሪያ እሳቸው ምሰሶው ሥር ይቆሙ ዘንድ ተስማምተናል። ደምሴ ግን አልጠበቀም። ሞተሯን አስነሣ። ካባው ተጭኗል፣ ጠመንጃው በጎኗ ታስሯል፣ የፊት መብራቷ በጉሙ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ይታያል። መብራቱን ያየ ሰው ሁሉ ጩኸቱን አቀለጠው። ደምሴ መሪዋን ይዞ ዞረ። በካህናቱ ፊት ዝም። ከእነዋሪ በመጡት ዘመዶች ፊት ዝም። እኔ በሰዉ መካከል እየተጋፋሁ ወደ ምሰሶው ሮጥኩ። ደምሴ ኡመር ፊት ደረሰ። መሪውን ወደ ግራ አዞረ።

ጮኸች።

ለቅሶው ባንድ ጊዜ ቆመ። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ የሚሰማው ያ የታነቀ ድምፅ ብቻ ነበር። ኡመር ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ደምሴ ሞተሯን ለቀቃትና ጠመንጃውን ፈታ።

ሞተሯ ሳትወድቅ ደረስኩና መሪውን ያዝኩ። ወደ ቀኝ መለስኩት፤ ዝም አለች። ወደ ግራ፤ ጮኸች። «መምሬ! መምሬ ወልዴ! እዚህ ይምጡ!» ብዬ ጮኽኩ።

መምሬ ወልዴ መስቀላቸውን እንደያዙ መጥተው በጠመንጃውና በኡመር መካከል ቆሙ። መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ። ጮኸች።

«አያችሁ?» አልኩ። «መምሬን ነው የምትከሳቸው? የነፍስ አባቱን?»

ሰዉ አጉረመረመ። ደምሴ ጠመንጃውን አላወረደም።

«ጋሽ ደምሴ፣» አልኩት፣ «እርስዎ ይቁሙ።»

«ምን አልክ?»

«እዚህ ይቁሙ። በፊትዎ ትዙር። ወንድምዎን የሚወዱ ከሆነ ይቁሙ።»

ያን ያህል ደፍሮ መናገር ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። ደምሴ ጠመንጃውን እንደያዘ መጥቶ ምሰሶው ሥር ቆመ። ኢንጂኑ ይንደቀደቃል። መሪውን አዞርኩ።

በፊቱ ጮኸች። አላቆምኩም፤ እንደዞረ ያዝኩት። ደምሴ ሲሰማት ሲሰማት ቆየና «በቃ» አለ። «በቃ፣ ገባኝ። አቁማት።»

ጠመንጃውን ለመምሬ ሰጠ። ወደ ኡመር ዞረ። ኡመር ነው የቀደመው።

«ወላሂ ደምሴ፣ ጠራሁት እኮ» አለ። «‹በግራ በኩል ገደል ነው!› አልኩት። አልሰማኝም። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ የምሰማው ያን ‹ዞር በሉ› ያለውን ነው። በተኛሁበት እሰማዋለሁ።»

ደምሴ አንገቱ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ሰዉም አብሮ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ለእኔ ጥሩ ነበር። ጀግና ሆኜ ምሳዬን በልቼ እመለሳለሁ። ግን አላለቀም።

ሰዉ ተዝካሩን ሊበላ ሲገባ እኔ ሞተሯን ዳሱ ውስጥ አቁሜ የቀረውን ሥራ ጀመርኩ። የተበሉትን ሽቦዎች በሙሉ አወጣሁ። አዲሶቹን አንገቱ ላይ እንዳይፋተጉ በጎማ ቱቦ አሳለፍኳቸው። የሲጋራውን ወረቀት ነቅዬ ባለ አራት ቦታዋን ሳጥን ከመቀመጫው ሥር አሰርኳት፤ ለመብራቱ አንድ፣ ለክላክሱ አንድ፣ ለኋላው አንድ፣ ለመጠባበቂያ አንድ። መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ። ዝም። ጥሩ ሥራ ነበር፤ እስካሁንም እኮራበታለሁ።

ቀና ስል አስካለ ቆማለች። ለምን ያህል ጊዜ ስታየኝ እንደቆየች አላውቅም።

«ያዙሩት» አለችኝ።

አዞርኩት። ዝም። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። ዝም።

«ሽቦው ነበር እመቤቴ። መሪውን ደግሞ ጥጃው ነበር የሚገፋው።»

«ሰማሁ፤ ሁሉንም ሰማሁ። ሰውየውን አተረፉት፤ እግዜር ይስጥዎ።» ወደ ሞተሯ ቀረበች። «አሁን እንዴት ነው የሚነፋው?»

«ይህችን ነው የሚጫኑት። ከእንግዲህ ያለ ጣት አይነፋም።»

ወደ በሩ ዞራ አየች፤ ከዚያ ወደ መንገዱ፣ ጉሙ ወደ ተኛበት። አውራ ጣቷን ቁልፏ ላይ አድርጋ ተጫነች። ክላክሱ ነፋ። ያ የታነቀው አልነበረም። ጥርት ያለ፣ ረጅም፣ ንጉሤ መታጠፊያው ላይ ሆኖ ይነፋው የነበረው ትክክለኛው ድምፅ ነው። ተዝካሩ የሚበላበት ድንኳን ውስጥ ወሬው ሁሉ ጸጥ አለ። ጣቷን አነሣች። ጆሮዋን ሰጥታ ጠበቀች። እኔም ሳላስበው አብሬያት ጠበቅሁ።

ምንም አልመጣም።

«እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ነኝ የነፋሁት።»

ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጮኸች። ያ ሁሉ ቀን ያልወጣው ለቅሶ ባንድ ጊዜ ወጣ፤ ሴቶቹ እጃቸውን ሳይታጠቡ ከምሳው ተነሥተው ሮጡ። አንዲቱ ወደ ማድቤቱ ገብታ ከእሳቱ ላይ ውሃውን አወረደችው። እኔ ዕቃዬን በከረጢት ሰብስቤ፣ ማንንም ሳልሰናበት፣ በእግሬ ሽቅብ ወጣሁ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ጠግኛለሁ። የሞተ ሰው ራዲዮ፣ የሞተ ሰው ሰዓት ሲመጣልኝ ግን እንደ ድሮው ዘልዬ አልፈታም። ቁጭ ብዬ ያመጣውን ሰው አወራዋለሁ። አንዳንዱ ሳያስጠግን ይዞት ይመለሳል፤ ተዉት እላለሁ። ድሮ ብሆን «አላዋቂ» ብዬ እስቅበት ነበር። የነገር ምክንያት ማወቅ መልካም ነው፤ ዛሬም እንደዚያው አምናለሁ። ግን ምክንያቱን ነግሬ ከአንዲት ሴት የወሰድኩባትን ነገር የሚተካ አዲስ ሽቦ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። እሷን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም፤ ሞተሯን ሸጣ ወደ እናቷ አገር ወደ ለሚ ሄደች ሲሉ ሰምቻለሁ። ሕልሜ ውስጥ ግን ትመጣለች፤ ገበቴውን ይዛ፣ ፊቷ በርቶ፣ እየሮጠች። እኔ ሁልጊዜ ቀና ብዬ «እኔ ነኝ» እላታለሁ።

ትክክል ሠራህ ወይስ አልሠራህም ብትሉኝ የማውቀውን ብቻ ልንገራችሁ። ኡመር ከብዙ ዓመት በኋላ አርጅቶ፣ የልጅ ልጆቹን አይቶ፣ አልዩ አምባ ላይ በአልጋው ሞተ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ቃሬዛውን ተሸክመው ከወጡት ሰዎች መካከል ደምሴ ነበረበት።